ልጄ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ማየት ትፈልጋለች

ግልጽ ደብዳቤ፦ ለወረዳችን የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ለእሁዱ ውድድር አዘጋጆች፣ እንዲሁም ሜዳ ዳር ለምንቆም ሁሉ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

የምጽፍላችሁ ከቃሊቲ ወዲያ ካለው የኮንዶሚኒየም ሰፈራችን ነው። ባቡሩ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሚኒባስ ነው፣ ቀጥሎ ባጃጅ፣ ቀጥሎ እግር። ስታዲየም ለእኛ ሩቅ ነው። ያለን አንድ ሜዳ ነው። አፈሩ ዋልካ፣ መስመሩ በኖራ የሚሰመር፣ አንዱ ጎል መረብ ያለው ሌላው የሌለው፣ ሁላችሁም የምታውቁት ሜዳ። የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ሣር አልጠይቅም። መቀመጫም አልጠይቅም። የምጠይቀው ሁለት በር ያለው መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሚያዝያ ውስጥ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሁድ እሁድ ኳስ ለማየት ስወጣ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እኔም «ቆይ፣ ሌላ ጊዜ» እያልኩ እሄዳለሁ። አንድ እሁድ ግን ጫማዋን አድርጋ፣ የእኔን አሮጌ ማሊያ እስከ ጉልበቷ ለብሳ ጠበቀችኝ። «አባዬ፣ ዛሬ ሌላ ጊዜ ነው» አለችኝ። ምን እላለሁ? እጇን ይዤ ወጣሁ።

መንገዱ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። እሷ ግን እየዘለለች ስለሆነ አልታወቃትም። ሜዳው ስንደርስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ሞንታርቦው ተከፍቷል። ሳምቡሳ የምትጠብሰዋ ልጅ ዘይቱን ጥዳለች። ቆሎና ሱፍ በስኒ የሚሸጡት እናት ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ተጫዋቾቹ ጎል ጀርባ ታኬታቸውን ያስራሉ። የእኛ ብሎኮች ሰማያዊ፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቀይ። ልጄ ከማን ጋር እንደሆንን ጠየቀችኝ። «ከሰማያዊው» ስላት በደንብ አየቻቸውና «ቀዮቹ ይረዝማሉ» አለች። ስጋቷ ገባኝ።

ኳሱን ታያለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን የጣለችው መስመር ዳኛዋ ላይ ነው። አዎ፣ ዳኛዋ። ያን ቀን በእኛ በኩል ባንዲራ ይዛ የቆመችው ወጣት ሴት ነበረች። ጥቁር ቁምጣ፣ ጥቁር ካልሲ፣ ፀጉሯ ጥብቅ ብሎ የተያዘ። ልጄ ኳሱ ወዲያ ሲሄድም ወዲህ ሲመጣም አልተከተለችውም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጎተት አደረገችኝና «ለምንድነው በጎን የምትሮጠው?» አለች።

እውነቷን ነው። መስመር ዳኛ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ በጎን ይሮጣል። ከበረኛው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ካለው ተከላካይ ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ኦፍሳይዱን፣ ማለትም ኳስ ሲላክለት ከዚያ ተከላካይ አልፎ የቆመውን አጥቂ፣ አያየውም። ይህን እኔ ነገርኳት። የቀጣዩን ግን ራሷ ናት ያገኘችው። ዳኛዋ ኦፍሳይድ ብላ ባንዲራዋን ካነሳች በኋላ አንዳንዴ ከፍ፣ አንዳንዴ ከትከሻዋ እኩል፣ አንዳንዴ ዝቅ ታደርጋለች። ልጄ ሦስቱን ጊዜ በጣቷ ቆጥራ ይዛለች። «ኦፍሳይድ የሆነው ልጅ ሩቅ ሲሆን ወደ ላይ ነው። መሃል ሲሆን ቀጥ። እኛ ጋ ሲሆን ወደ ታች» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ኳስ አይቻለሁ። ሕጉን አውቃለሁ። እንዲህ ቁጭ ብሎ አስተውሎ የነገረኝ ግን እስከዚያ ቀን ሰው አልነበረም።

ደስታዬን መናገር ያቅተኛል። እዚህ ሜዳ ላይ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በ35ኛው ደቂቃ ግድም «አባዬ፣ ሽንቴ መጣ» አለችኝ።

«እረፍት እስኪሆን ትችያለሽ?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ቻለች። ፊሽካው ሲነፋ ተነሳን። የት እንደምንሄድ ግን አላውቅም ነበር። እዚህ ሜዳ ስምንት ዓመት ተመላልሻለሁ። አንድም ቀን ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ለምን እጠይቃለሁ? ወንዶቹ ከግንቡ ጋር ፊታችንን አዙረን እንቆማለን፣ አለቀ። ግንቡ ላይ «መሽናት ክልክል ነው» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ጽሑፉ ሥር ተሰልፈን ነው የምንሸናው። ያን ቀን ልጄን ይዤ በዚያ ሳልፍ አፈርኩ። አንዱ ጎረቤቴ በቅንነት «ከኮንቴይነሩ ጀርባ ውሰዳት፣ ማን ያያታል» አለኝ። ልጄ እጄን ጨበጥ አደረገችው። አልሄደችም። ልክ ነበረች።

ግንባታ ያለበት ግቢ ሄድን። የቆርቆሮዋ መጸዳጃ ቁልፍ ነች፣ ዘበኛው የለም። ሻይ ቤቱ ጠየቅን። «ለሠራተኛ ብቻ ነው፣ ውሃም የለንም» አሉን። በመጨረሻ አንድ ልጅ «እትዬ ጋ ሂዱ» ብሎ ምድር ቤት ያለ በር አሳየን።

በሩ ክፍት ነበር። ደጃፉ ላይ ሰልፍ አለ። ሁለት የአሥራ ሁለት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች፣ አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት፣ ከእነሱ ፊት ደግሞ መስመር ዳኛችን። ባንዲራዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ቆማለች። ልጄ ዓይኗን ማመን አቃታት።

እትዬ በእድሜ የገፉ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከጀሪካን በጣሳ ውሃ እየቀዱ ለሚገባው ሁሉ ይሰጣሉ። «ግቡ፣ ግቡ፣ አትቁሙ» ይላሉ። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ይህን እናንተም ታውቃላችሁ። እሳቸው ለምግብ ያጠራቀሙትን ውሃ ነው የሚያፈሱት። «እሁድ እሁድ እንዲህ ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ታዲያ የሰው ልጅ የት ይሂድ፣ ልጄ?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ገንዘብ ልሰጥ ብል ተቆጡኝ።

የእግር ኳስ ሕግ እረፍት ከ15 ደቂቃ አይበልጥም ይላል። ዳኛዋን ሁሉም አሳለፏት። እሷም ሮጣ ደረሰች። እኛ ስንመለስ ሁለተኛው አጋማሽ ከተጀመረ ቆይቷል። ሰማያዊዎቹ በሪጎሬ አንድ አግብተዋል። ልጄ ጎሉን ስላላየች አላለቀሰችም። «ባንዲራዋን አንስታ ነበር ወይ?» ብላ የቆመውን ሰው ሁሉ ጠየቀች። የመለሰላት የለም።

እስከዚህ ያለው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ተቸግረን ነበር፣ ደግ ሰው ረዳን ብዬ አልፈው ነበር። የጻፍኩት በቀጣዩ እሁድ በሆነው ነገር ነው።

በቀጣዩ እሁድ ልጄ ከእኔ ቀድማ ተነሳች። ሻይዋን አልጠጣችም። ዳቦዋን ደረቁን በላች። መንገድ ላይ ውሃ ብሰጣት «አልጠማኝም» አለች። ግንቦት ነው፣ ፀሐዩ እንዴት እንደሚያቃጥል ታውቁታላችሁ። ሜዳው ላይ ጥላ የለም። በእረፍት ሰዓት ከንፈሯ ደርቋል። ጀላቲ ልግዛልሽ አልኳት። ዓይኗ ሄደ፣ ግን እምቢ አለች። በመጨረሻ ተቀምጬ «ሚጣዬ፣ ምን ሆነሻል?» ስላት እንዲህ አለችኝ፦

«ከጠጣሁ ይመጣብኛል። ከመጣብኝ ደግሞ እንሄዳለን። እኔ እስከ መጨረሻው ማየት እፈልጋለሁ።»

ጨዋታው አላለቀም፣ ራሷን አሟት ተሸክሜያት ወደ ቤት ሄድኩ። ትከሻዬ ላይ ሆና ወደ ኋላ እያየች ነበር።

ወገኖቼ፣ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ኳስ ለማየት ብላ መጠማትን ተማረች። ያስተማራት ሰው የለም። ሜዳው ነው ያስተማራት።

ማታ ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳት። አክስቴ ከአባቴ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። በቤታችን አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አያቴ አባቴን ይዞ ስታዲየም ገባ። ያን ቀን ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። መንግሥቱ ወርቁ ያገባትን ጎል፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከጃንሆይ እጅ ዋንጫ ሲቀበል የነበረውን ጩኸት አባቴ እስኪሞት ድረስ አውርቶ አልጠገበም። እኛም ሰምተን አልጠገብንም። ያን ታሪክ ስንሰማ ግን አክስቴ ሁልጊዜ ዝም ትላለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ያን ማታ ነገረችኝ። እሷም ልትሄድ ለብሳ ነበር። አያቴ «አንቺን እዚያ ወንድ መሃል የት አስገባሻለሁ፣ የት አስወጣሻለሁ?» ብሎ አስቀራት። አያቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቹን ይወድ ነበር። ያ ጥያቄ መልስ ስላልነበረው ነው።

እኔም የራሴ ቀን አለኝ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከሱዳን ጋር። እነሱ ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተናል። በሌሊት ተሰልፌ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካታንጋ ገባሁ። የድሮውን ስታዲየም የምታውቁ የተመልካች ቦታዎቹን ስም ስጠራ ደስ ይላችኋል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ ነበረው። ካታንጋ ፀሐይ ላይ ነው፣ ዘፈኑ ግን ከዚያ ነው የሚነሳው። አዳነ ግርማ አገባ። ሳላዲን ሰዒድ ደገመ። 2 ለ 0። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። የማላውቀውን ሰው አቅፌ አልቅሻለሁ። አሁን ግን ያን ቀን ሳስታውሰው ሌላ ነገር ይታየኛል። በዙሪያዬ ካቀፍኳቸው ሰዎች አንዲትም ሴት አልነበረችም። ያኔ አላስተዋልኩትም።

ያ ስታዲየም ለዓመታት እድሳት ላይ ቆይቷል። ብሔራዊ ቡድናችን በሜዳው መጫወት የነበረበትን ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ ሲጫወት አይተናል። ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጨዋታው የእኛ ነበር፣ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) አገር ቤት ያለውን ስታዲየም አላጸደቀም። ካፍ ስታዲየም ሲመዝን ሣሩን ብቻ አያይም። መልበሻ ክፍሉን ያያል፣ የተመልካቹን መቀመጫ ያያል፣ መጸዳጃውንም ያያል። ትልቁ ሜዳ በዚህ ከተመዘነ ትንሹም ሊመዘን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ስለ መስመር ዳኛዋም አንድ ነገር ልበል። ሊዲያ ታፈሰ ከዚህችው አገር ወጥታ እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ፣ በ2019 ፈረንሳይ በተደረጉት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ላይ በዳኝነት ተሳትፋለች። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫውታለች። ይህን ለልጄ ስነግራት አፏን ከፍታ ሰማችኝ። ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን «እነሱስ የት ነበር የሚሄዱት?» ብላ ነው። የእኛ ሰፈር ሴት ልጆችም ቡድን ነበራቸው። ሁለት ዓመት ሞክረው ተበተኑ። ምክንያቱ ብዙ ይሆናል፣ ሁሉንም በዚህ ላይ አላላክክም። ነገር ግን አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ የወር አበባዋ በመጣ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚህ ሜዳ ላይ እንዴት ትቆያለች? እትዬ ቤት ሰልፍ የቆሙት ሁለቱ ልጆች ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ነበር የቆሙት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ።

ለጽሕፈት ቤቱ። ባለፈው ሳምንት መጥቼ ነበር። የተቀበለችኝ ሠራተኛ በትህትና ሰማችኝ፣ አመሰግናታለሁ። መልሱ «በዘንድሮው ዕቅድ አልተያዘም» የሚል ነው። ገባኝ። አዲሱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ዕቅዱ ገና እየተሠራ ስለሆነ አሁን ይያዝልን። ቦታው አለ። ከመረቡ ጎል ጀርባ፣ በግንቡና በመንገዱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ለጨዋታ አያገለግልም። ከሰፈራችን አንድ ግንበኛ አባት ጋር ሄደን አይተነዋል። እሱ እንዳለኝ ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል። ስለዚህ አፈሩ ተጠርጎ በገረጋንቲ ካልተሞላ ግድግዳው በዓመቱ ይተረተራል። ርካሽ ተብሎ እንዳይሠራ የምለው ለዚህ ነው። ለወንድ አንድ በር፣ ለሴት አንድ በር፣ ከውስጥ የሚቆለፍ። የሴቶቹ በር ወደ መንገዱ ይዙር፣ ወደ ወንዶቹ አይሁን። አንድ ሮቶ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን ይሞላ። መሃል ከተማ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች መጸዳጃና ሻወር ቤት እያስተዳደሩ ከዚያው እንጀራቸውን ያገኛሉ። እዚህም ሥራ የሚፈልጉ ልጆች አሉን። በሥራ ቀን የባጃጅ ሾፌሮቹና ገበያተኛው ይጠቀሙበታል፣ ባዶውን አይቆምም። በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የሕዝብ መጸዳጃ ተሠርቶ አይተናል። ዳር ያለነውም ሰዎች ነን።

የጉልበቱን ነገር ለእኛ ተዉት። በሰፈሩ እድር አንስቼዋለሁ። ቆፋሪ አለን፣ ግንበኛ አለን፣ በር የሚበይድ አለን። የጎደለን ፈቃድና ዕቃ ነው።

ለውድድሩ አዘጋጆች። እናንተ ይህን ሁሉ ልጅ ከመጠጥ ቤት አውጥታችሁ ሜዳ ላይ ያዋላችሁ ሰዎች ናችሁ። ክብር ይገባችኋል። እስኪሠራ ድረስ ግን ከቡድኖቹ የመመዝገቢያ ገንዘብ ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ለእትዬ ውሃ ግዙላቸው። ገንዘብ አይቀበሉም፣ ውሃ ግን ደጃፋቸው ላይ ከተራገፈ አይመልሱትም። ሳሙናም ጨምሩበት። ዳኞቹ ልብስ የሚቀይሩበት አንድ ክፍል ከኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤት፣ ከኮሚዩናልም ቢሆን ይለመንላቸው። ያቺ ወጣት ቤቷ ለብሳው በመጣችው ቁምጣ ላይ ጃኬት ደርባ ነበር ከታክሲ የወረደችው።

ለእኛ ለወንዶቹ። ግንቡን እንተወው። እኔ ትቻለሁ። ልጆቻችን በዚያ በኩል ነው የሚያልፉት። ሲሠራ ደግሞ የሴቶቹን በር ማንም እንዳይደፍረው እንጠብቅ። «ባዶ ስለሆነ ነው» እያልን መግባት ከጀመርን በወሩ የእኛ ይሆናል፣ እነሱም ወደ እትዬ በር ይመለሳሉ።

አንድ አባት «ታዲያ ሴት ልጅ ኳስ ሜዳ ምን ትሠራለች? ቤት በቲቪ ታየው» አለኝ። አልተከራከርኩትም። ልጄ በቲቪ ታያለች። በቲቪ ግን መስመር ዳኛዋ አትታይም። የምትታየው ባንዲራ ስታነሳ ብቻ ነው። በጎን ስትሮጥ፣ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ ሰው ሲጮህባት ፊቷን ሳታዞር ስትቆም ማየት የሚቻለው ሜዳ ዳር ነው።

ክረምት ሳይገባ ቢያንስ ቁፋሮውን እንጨርስ። ሰኔ ሲመጣ ዋልካው ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ቁፋሮም አይቻልም።

በሚቀጥለው እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሰማያዊዎቹ ይጫወታሉ። ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ሰው ብቻ ይምጣልን። እኔና ግንበኛው ከመረቡ ጎል ጀርባ ሜትር ይዘን እንጠብቃለን። ልጄም ትኖራለች። ውሃዋን ጠጥታ እንድትመጣ ቃል አስገብቻታለሁ፣ እትዬም «ስትመጣ በቀጥታ ትግባ፣ ሰልፍ አትቁም» ብለዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የአንዲት ተመልካች አባት